የፋንጂዮ አሥር ዙሮች፦ ከኑርቡርግሪንግ የጉዞ ማስታወሻ

ምዕራብ ጀርመን ውስጥ አይፍል የሚባል ተራራማ አካባቢ አለ። እዚያ ጫካ መሀል ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የመኪና እሽቅድምድም መንገድ ተዘርግቷል። ስሙ ኑርቡርግሪንግ ነው። ብዙ ሰው ወደዚያ የሚሄደው መኪናውን ሊፈትንበት ነው። እኔን የወሰደኝ አንድ የቆየ ውድድር ነው፤ የ1957ቱ የጀርመን ግራንድ ፕሪ። ቀኑ በፈረንጅ ኦገስት 4 ነበር፣ በእኛ ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 1949 ዓ.ም.። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ያን ቀን ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ የሚባል የ46 ዓመት አርጀንቲናዊ ከ45 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ውድድሩ ሊያልቅ የቀረው አሥር ዙር ነው። ከፊቱ ሁለት የፌራሪ መኪኖች አሉ። የሚነዷቸው በዕድሜ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው፤ ማይክ ሆውቶርንና ፒተር ኮሊንስ። ሁለቱንም ደርሶ አለፋቸው።

ይህን ታሪክ የሚያወራ ሁሉ ስለ ፋንጂዮ ድፍረት ያወራል። ደፋር መሆኑ አይካድም። ቦታው ላይ ቆሜ ሳየው ግን የገባኝ ሌላ ነው። ያን ውድድር የወሰኑት የመንገዱ ርዝመትና ፋንጂዮ መንገዱን በቃሉ ማወቁ ናቸው። እንዴት እዚህ ሐሳብ ላይ እንደደረስኩ ላጫውታችሁ።

ከፍራንክፈርት ማለዳ ተነሣን። አብረውኝ የሄዱት ጋሼ ናቸው። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ ፍራንክፈርት ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምንጠራቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ሰይቼንቶ ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው ያደጉት። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የመኪና ነገር ሲነሣ ግን አሁንም ወንበራቸውን ይስባሉ። ስለ ፋንጂዮ ነግሬያቸው "ይሄን ቦታማ ማየት አለብኝ" ያሉት እሳቸው ናቸው።

በኤ3 አውራ ጎዳና ወደ ኮብሌንዝ አቅጣጫ ነዳን። ራይንን ተሻግረን በኤ48 ሄድንና ኡልመን ላይ ወጣን። ሁለት ሰዓት ያህል ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ከኡልመን በኋላ ግን አገሩ ይለወጣል። ኮረብታው ይበዛል፣ ጥዱ ይጠቁራል፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል።

መጀመሪያ የወጣነው ወደ ግንቡ ነው። ኑርቡርግ ትንሽ መንደር ናት። አናቷ ላይ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ግንብ ፍርስራሽ አለ። ጋሼ ቀስ እያሉ ደረጃውን ወጡት። ከማማው ላይ ሲታይ አገሩ ሁሉ ጫካ ነው። የእሽቅድምድሙ መንገድ ግንቡንና መንደሯን ከቦ ይዞራል፤ ከላይ ሆኖ የሚታየው ግን ቁርጥራጩ ብቻ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ብቅ ይልና ዛፍ ይውጠዋል። እዚያ ማዶ ደግሞ ሌላ ቁራጭ። ሙሉውን በአንድ ጊዜ የሚያይ ሰው የለም። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

መንገዱ መሠራት የጀመረው በ1925 ነው። አይፍል ያን ጊዜ ድሃ አካባቢ ነበር። ሥራ ያጡ ብዙ ሰዎች እዚህ ተቀጥረው ድንጋይ ፈለጡ፣ አፈር ዛቁ። በጁን 1927 ተመረቀ። በመክፈቻው የመኪና ውድድር ያሸነፈው ሩዶልፍ ካራቺዮላ ነው፣ በመርሴዲስ። በፋንጂዮ ዘመን አንዱ ዙር 22.8 ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬ የሰሜኑ ክፍል ብቻውን 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። የድሮው መነሻ የነበረበትን አካባቢ በ1984 የተከፈተው አጭሩ አዲስ ትራክ ወስዶታል።

ሊማሊሞን የወረደ ሰው የዚህን መንገድ ጠባይ ቶሎ ይረዳዋል። ቁልቁለት፣ ጥምዝ፣ ከጥምዙ ጀርባ ሌላ ጥምዝ፣ ከፊት ምን እንዳለ የማይታይበት። ከ70 በላይ ጥምዞች አሉት። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቦታ መካከል 300 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ይህን ሁሉ ደግሞ ቀጥ ባለው ቦታ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ ነው የሚጋጠሙት። ስኮትላንዳዊው የእሽቅድምድም ነጂ ጃኪ ስቱዋርት "አረንጓዴው ሲኦል" ያለው ወዶ አይደለም።

የሄድንበት ጊዜ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። በየዓመቱ ኦገስት ላይ እዚያ የአሮጌ መኪኖች ግራንድ ፕሪ ይደረጋል። ለዕይታ ብቻ ቆመው አይውሉም፣ የእውነት ይወዳደራሉ። ደስ የሚለው ደግሞ ተመልካቹ መኪኖቹ የሚዘጋጁበት ግቢ ድረስ መግባት መቻሉ ነው። ከአጥር ማዶ መንጠራራት የለም። የሚፈታውን ሞተር አጠገቡ ቆመህ ታያለህ። የዘይቱና የቤንዚኑ ሽታ ልብስህ ላይ ይቀራል።

ፋንጂዮ ያን ቀን የነዳውን ዓይነት መኪና፣ ማዜራቲ 250ኤፍን፣ ያየሁት እዚያ ነው። ቀይ ነው፤ የጣሊያን መኪኖች ያኔ ሁሉም ቀይ ነበሩ። አፍንጫው ረጅም ነው። ሞተሩ ከፊት ነው፤ 6 ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር፣ 270 ፈረስ ጉልበት አካባቢ። ነጂው ከኋላው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ትከሻውና ደረቱ ውጭ ነው። ከጀርባው ያለው ትልቁ ክብ ነገር የነዳጅ ማጠራቀሚያው ነው። ቀበቶ የለም። ከላይ የሚከላከል ብረት የለም። ጎማው ቀጭን ነው፤ ዛሬ በከተማ ከምንነዳቸው መኪኖች የብዙዎቹ ጎማ ከሱ ይሰፋል።

ጋሼ ፊት ለፊቱ ቆመው ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጎማውን አዩ።

"አንድ ዳዶ ብቻ ነው እንዴ ያለው?"

"አንድ ነው ጋሼ። መሀሉ ላይ። በመዶሻ መትተው ነው የሚፈቱት፣ በመዶሻ መትተው ነው የሚያስሩት።"

"ፍሬኑስ?"

"ታምቡር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "በታምቡር ፍሬን ያን ቁልቁለት። አይ ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ሌላ ነበሩ።"

ሞተሩን ሲያስነሡት ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልን። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ስለ እነዚህ መኪኖች ስንት አንብቤ ድምፃቸውን በዚህ መጠን አለመገመቴ ገረመኝ። ፋንጂዮ ይህን ድምፅ ከፊቱ አድርጎ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ነድቷል።

አሁን ወደዚያ ቀን ልውሰዳችሁ።

ውድድሩ 22 ዙር ነበር፤ ሲደመር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ። የፌራሪ ሰዎች ያሰቡት መኪኖቻቸውን ነዳጅ ሞልተው ሳይቆሙ እንዲጨርሱ ነው። ጎማቸው ጠንካራ ስለሆነ ይችላል። የማዜራቲው የፒሬሊ ጎማ ግን ለስለስ ያለ ነበርና እስከ መጨረሻው አይዘልቅም። ስለዚህ ፋንጂዮና ሰዎቹ ሌላ ዘዴ ቀየሱ። በግማሽ ነዳጅ እንነሣ፣ መኪናው ይቅለል፣ በቅለቱ እንሩቅ፣ መሀል ላይ ቆመን ነዳጅ እንሙላ፣ ጎማም እንቀይር አሉ። ዛሬ ይህ ለኛ የተለመደ ነገር ነው። ያኔ ግን ቁማር ነበር።

ጅማሬው እንደታሰበው ሄደ። መጀመሪያ ሆውቶርንና ኮሊንስ መሩ፤ በሦስተኛው ዙር ፋንጂዮ አለፋቸውና መራቅ ጀመረ። በ12ኛው ዙር መጨረሻ ወደ ፒት፣ ማለትም መኪኖች ነዳጅ ወደሚሞሉበትና ጎማ ወደሚቀይሩበት ቦታ፣ ሲገባ ወደ 30 ሰከንድ የሚጠጋ ብልጫ ነበረው። ፋንጂዮ ከመኪናው ወረደ። መካኒኮቹ ሥራ ጀመሩ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እንደሚተረከው ከጎማዎቹ የአንዱ ዳዶ አምልጦ ተንከባለለና መኪናው ሥር ገባ። ዳዶው እስኪገኝ ሰከንዱ ይሄዳል። ሆውቶርንና ኮሊንስ ተከታትለው አለፉ። ፋንጂዮ ሲወጣ ብልጫው ሁሉ ጠፍቶ፣ ያም አልበቃ ብሎ ከ45 ሰከንድ በላይ ከኋላ ነበር።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው መካኒኩን ነው ያዘኑለት። "ያ ልጅ ያን ቀን እንዴት እንደዋለ እኔ አውቃለሁ" አሉ። ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ሰው ብቻ የሚያየው ነገር ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ መካኒኩ አስቤ አላውቅም።

አሁን ግንቡ ላይ ሆኜ ልብ በሉልኝ ወዳልኩት ነገር እንመለስ። መንገዱን በሙሉ የሚያይ ሰው የለም። ሬዲዮም የለም። ነጂው የሚያውቀው በፒቱ ፊት ሲያልፍ በሰሌዳ የሚያሳዩትን ብቻ ነው። አንድ ዙር ደግሞ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አስቡት፤ ሆውቶርን በፒቱ ፊት ያልፋል። በምን ያህል እንደሚመራ ለማወቅ ፋንጂዮ እስኪመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ፋንጂዮ መጥቶ ሰዓቱ ሲያዝ ሆውቶርን ጫካ ገብቷል። ስለዚህ ሆውቶርን ሰሌዳው ላይ የሚያነበው በአብዛኛው ያለፈውን ዙር ወሬ ነው። አሮጌ ወሬ ነው።

ፋንጂዮ ከፒት እንደወጣ መጀመሪያ አልፈጠነም። አዲስ ጎማ ነው፣ እስኪሞቅና እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን ያዩ የፌራሪ ሰዎች ነገሩ አልቋል ብለው ለልጆቹ ተረጋጉ የሚል ምልክት እንዳሳዩ ይነገራል። ከዚያ ፋንጂዮ መንዳት ጀመረ። በየዙሩ የመንገዱን ክብረ ወሰን እያሻሻለ ሄደ። ከዓመት በፊት በ1956 ራሱ ያስመዘገበው የውድድር ክብረ ወሰን 9 ደቂቃ ከ41.6 ሰከንድ ነበር። ለዚህ ውድድር አንደኛ ሆኖ የተነሣበት የማጣሪያ ሰዓት 9 ደቂቃ ከ25.6 ሰከንድ ነው። በ20ኛው ዙር የነዳው 9 ደቂቃ ከ17.4 ሰከንድ ሆነ። ከራሱ ማጣሪያ በ8 ሰከንድ ፈጠነ። ፌራሪዎቹ አደጋው ሲገባቸው ብዙው ብልጫ ተበልቶ አልቋል። አጭር ትራክ ቢሆን ኖሮ በየአንድ ደቂቃ ተኩሉ ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸው ነበር። ኑርቡርግሪንግ ግን ወሬን ያዘገያል።

ይህን የተረዳሁት መጽሐፍ ላይ አይደለም። ከአዴናው ተነሥቼ በጫካው የእግር መንገድ ስሄድ ነው። አዴናው ከኑርቡርግ ቁልቁል ያለች የቆየች ከተማ ናት። አደባባይዋ ዙሪያ ጥቁር የእንጨት ማገር ያላቸው ነጫጭ ቤቶች አሉ። እዚያ ነው ያደርነው። ከከተማዋ ጥግ ብራይድሻይድ የሚባል ቦታ አለ። የእሽቅድምድሙ መንገድ በድልድይ ከመኪና መንገዱ በላይ ያልፋል። የዙሩ ዝቅተኛ ቦታ ይህ ነው። ከዚህ በኋላ ዳገት ነው።

ብራይድሻይድ አጥሩ ሥር ቆመን መኪኖች ሲወርዱ አየን። ከቬርዛይፈን ጥምዝ ወጥተው ይንደረደራሉ፣ ፍሬን ይይዛሉ፣ በድልድዩ ላይ ያልፋሉ፣ ከዚያ ሽቅብ ይጮኻሉ። ጋሼ ለመኪኖቹ ብዙ ትኩረት አልሰጡም። ዓይናቸው ቁልቁለቱ ላይ ነበር።

"ታምቡሩ እዚህ ሲደርስ ግሏል" አሉ። "ፔዳሉ ወርዷል። እግርህን ስትጥል ይያዝ አይያዝ አታውቅም። ስለዚህ ቀድመህ ማወቅ አለብህ።"

ፋንጂዮ ቀድሞ ያውቅ ነበር። እዚህ በ1954 በመርሴዲስ፣ በ1956 በፌራሪ የጀርመንን ግራንድ ፕሪ አሸንፏል። በዚያን ቀን ያደረገውንም ራሱ ኋላ ተናግሯል። ብዙዎቹን ጥምዞች ከለመደው በአንድ ከፍ ባለ ማርሽ ነበር የወሰዳቸው። ከፍ ባለ ማርሽ ሲገቡ መኪናው በፍጥነት ይገባል፣ ሞተሩ ግን እንደልብ አይዝም። ጥምዙ የት እንደሚያልቅ በእርግጠኝነት የማያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። እሱ እያንዳንዷን ያውቃታል። ወንበሩ ደግሞ ከመኪናው ጋር ያያዘው ነገር ላልቶ ነበር ይባላል። በጉልበቱ እየተደገፈ ነው የነዳው።

ይህ ችሎታ ከየት መጣ ያለ ሰው ወደ አርጀንቲና ይሄዳል። ፋንጂዮ ባልካርሴ በምትባል የገጠር ከተማ በ1911 ተወለደ። ወላጆቹ ከጣሊያን የሄዱ ነበሩ። ገና ልጅ ሳለ ጋራዥ ገብቶ መካኒክ ሆነ። ስም ያገኘው ረጅም ርቀት በሚነዳባቸው የአገሩ ውድድሮች ነው። በ1940 ከቡዌኖስ አይረስ እስከ ሊማ ደርሶ መልስ፣ ወደ 9,500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በሼቭሮሌ አሸንፏል። አቧራ፣ አንዲስ ተራራ፣ ጭቃ። እንዲህ ያለ ሰው ነው አውሮፓ የመጣው፣ ያውም ወደ 40 ዓመቱ ገደማ። አይፍል ለሱ ረጅም መንገድ አልነበረም። ጋሼ መካኒክ መሆኑን ሲሰሙ "አላልኩህም?" አሉ። እንዲያውም አላሉኝም ነበር። ግን ደስታቸውን አልነካሁባቸውም።

በ21ኛው ዙር መጀመሪያ ላይ ኮሊንስን ደረሰበትና አለፈው። ሆውቶርን ቀረ። እሱንም በዚያው ዙር፣ እዚሁ ብራይድሻይድ አቅራቢያ፣ በውስጥ በኩል ገብቶ ጎማው ሣር እየነካ አለፈው። የቆምንበትን ቦታ እያየሁ ይህን አሰብኩ። ጠባብ ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያልፋል ቢሉኝ አላምንም። ያኔ ደግሞ ዛሬ ያለው የብረት መከላከያ አልነበረም። ቁጥቋጦ፣ ቦይ፣ ዛፍ ነው የነበረው።

ፋንጂዮ 3 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ከ38.3 ሰከንድ ነድቶ አሸነፈ። ሆውቶርን 3.6 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ ገባ። ኮሊንስ ሦስተኛ ሆነ። በዚያው ድል ፋንጂዮ አምስተኛውን የዓለም ሻምፒዮንነት አረጋገጠ። 24ኛው የግራንድ ፕሪ ድሉ ነበር፤ የመጨረሻውም ሆነ። አምስት ሻምፒዮንነቱን ሚካኤል ሹማኸር እስኪያልፈው ድረስ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ማንም አልበለጠውም። በ46 ዓመት ሻምፒዮን መሆኑን ግን ዛሬም የደረሰበት የለም። ራሱ ኋላ ሲጠየቅ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ ነድቶ እንደማያውቅ፣ ዳግመኛም የሚችል እንደማይመስለው ተናግሯል።

የዚያ ቀን ፎቶዎች ላይ በጣም የምወደው ነገር የተሸናፊዎቹ ፊት ነው። ሆውቶርንና ኮሊንስ ይስቃሉ። ፋንጂዮን ያቅፋሉ። ራሳቸው ያሸነፉ ነው የሚመስሉት። ኮሊንስ ከዓመት በፊት ሞንዛ ላይ የራሱ የሻምፒዮንነት ዕድል ገና እያለ መኪናውን ለፋንጂዮ ሰጥቶት ነበር። ያኔ ደንቡ ይፈቅዳል። ፋንጂዮ በዚያ መኪና ሁለተኛ ወጥቶ የ1956 ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው ኑርቡርግሪንግ ላይ የተሸነፈው።

ቀጥሎ የሄድንበት ቦታ ለዚህ ነው የከበደኝ። ፕፍላንስጋርተን ይባላል። መንገዱ አንድ ጉብታ ላይ ወጥቶ ወዲያው ይወርዳል፤ መኪና ከመሬት ይነሣል። ኦገስት 3 ቀን 1958፣ ከዚያ ታላቅ ውድድር ልክ በዓመቱ፣ ኮሊንስ እዚህ ከመንገድ ወጣ። ቶኒ ብሩክስን እየተከታተለ ነበር። በዚያው ቀን ሞተ። 26 ዓመቱ ነበር። የፌራሪ ባልደረባቸው ሉዊጂ ሙሶ ከዚያ በፊት በጁላይ ሬምስ ላይ ሞቷል። ሆውቶርን በዚያ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፣ ወዲያውም ውድድር ይብቃኝ አለ። በጃንዋሪ 1959 እንግሊዝ ውስጥ ተራ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ አረፈ። 29 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ቀን ሦስቱ የፌራሪ ሰዎች፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ አንዱም አልቀረም።

ጋሼ የኮሊንስን ዕድሜ ደግመው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ስለዚህ ስለዚያ ዘመን ውበት ብቻ የሚጽፉ ሰዎችን ሳነብ አልስማማም። መኪኖቹን እወዳቸዋለሁ፣ ሰዎቹንም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ ሞት የሚያስፈልግ አልነበረም። በኋላ ጃኪ ስቱዋርት መከላከያ ይሠራ፣ ሐኪም ይቅረብ ብሎ ሲጮህ ፈሪ ያሉት ነበሩ። እሱ ግን ልክ ነበር። ኦስትሪያዊው ነጂ ኒኪ ላውዳ በ1976 በዚሁ መንገድ ቤርግቬርክ ከሚባለው ጥምዝ በፊት በእሳት ተያያዘ፤ ያወጡት ሌሎች ነጂዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ፎርሙላ ዋን ወደ ረጅሙ መንገድ አልተመለሰም። መመለስም የለበትም።

አንድ ዙር ነድተናል። ውድድር በሌለበት ጊዜ መንገዱ ለሕዝብ ይከፈታል፤ ትኬት ገዝተህ በገዛ መኪናህ ትገባለህ። ቀኝህን ትይዛለህ፣ የሚቀድሙህ በግራ ብቻ ነው። የብረት መከላከያውን ከገጨህ ሒሳቡ ላንተ ነው፣ ኢንሹራንስህን ቀድመህ አጣራ። እኔ የነዳሁት በቮልስዋገን ጎልፌ ነው፤ ጋሼ አጠገቤ። ፉክስሮህሬ ላይ ቁልቁል ወርደን ታች ስንደርስ ሰውነታችን ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ። ካሩሴል ላይ በውስጥ በኩል ያለው የተጋደመ ኮንክሪት መኪናውን አንቀጠቀጠው። እኔ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ቀጣዩ ጥምዝ ወዴት እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ፤ በካርታ አጥንቼው ነበር፣ ጫካው ውስጥ ግን ሁሉም ይመሳሰላል። በዚያ ቅጽበት ፋንጂዮ ምን ያህል እንደሚያውቅ ገባኝ። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመሳሰል ጫካ ውስጥ እያንዳንዱን ዛፍና ቁልቁለት ለይቶ ይዞ፣ ከለመደው በላይ ፈጥኖ ለመንዳት።

ጋሼ እስከ ሆሄ አኽት ድረስ አልተነፈሱም። ዳገቱ ሲያልቅ "ፍሬንህን አሳርፈው፣ ይሸታል" አሉኝ። እውነትም ይሸት ነበር።

መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ኦገስት ላይ የአሮጌዎቹን መኪኖች ውድድር ምረጡ። ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ፣ አካባቢው ያኔ ይሞላል። ብሩንሼን የሚባለው የመንገዱ ክፍል ለማየት ምቹ ነው፤ ሰዉ ታጣፊ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ካሩሴልን ለማየት ጫካ ውስጥ በእግር መሄድ አለ፣ ጥሩ ጫማ አድርጉ። ጃኬት አትርሱ፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ አንዱ ጥግ ሲዘንብ ሌላው ጥግ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ትታችሁ ብራይድሻይድ ሂዱ። ከአዴናው መሀል በእግር ይደረሳል፣ አጥሩ ሥር ቆሞ ለማየትም አይከፈልም። ጋሼ በሚቀጥለው ዓመት እንመለስ ብለዋል፤ አሁን ደግሞ አንድ ሌላ የድሮ መካኒክ ይዘው ሊመጡ ነው።